ከፓይዘን ወደ ጃቫ የተዛወረ ኮድ ይሠራል፣ ውጤቱ ግን ለምን ይለያል?

ጥያቄ፦ በፓይዘን የተጻፈ ወደ 3,000 መስመር የሚጠጋ የሒሳብ ማወራረጃ ፕሮግራም ወደ ጃቫ እንዳዛውር ተሰጥቶኝ ፋይሎቹን መስመር በመስመር ቀየርኳቸው። ኮምፓይል ያደርጋል፣ ይሠራልም። ነገር ግን አንዳንድ ድምሮች በ0.01 ይለያያሉ፤ የሪፖርቱ ረድፎች ቅደም ተከተላቸው ተቀይሯል፤ በፓይዘን ይሠራ የነበረው የስም ፍለጋ ደግሞ በአማርኛ ለተጻፉ ስሞች ምንም አያገኝም። እነዚህን አንድ በአንድ እያሳደድኩ ላስተካክል ወይስ ሌላ መንገድ አለ? አውቶማቲክ መቀየሪያ ብጠቀምስ?

ምላሽ፦

ሦስቱም ችግሮች የትየባ ግድፈት አይደሉም። ፓይዘንና ጃቫ በመልክ ተመሳስለው በሥራ የሚለያዩባቸው ቦታዎች ናቸው። ኮምፓይለር የአጻጻፍና የዓይነት ስህተት ይይዛል፤ የድሮው ፕሮግራም እዚህ ቦታ ላይ 0.12 ያወጣ እንደነበር ግን አያውቅም። በዚህ ሥራ ፕሮግራሙን የሚያቆም ስህተት ቀላሉ ነው፣ የት እንደቆመ ይነግርዎታል። የሚያስቸግረው ምንም ሳይናገር የተሳሳተ ቁጥር አውጥቶ የሚያልፈው ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ማሳደዱ ብቻውን አያዋጣም፤ ያላዩትን ልዩነት ማሳደድ አይችሉምና። መጀመሪያ የጠቀሷቸውን ሦስቱን እንያቸው፤ ከዚያ ኮድዎ ውስጥ ተደብቀው ሊሆኑ የሚችሉትን፤ አሠራሩን በኋላ።

የ0.01 ልዩነት

ዋናው ተጠርጣሪ ማጠጋጋት ነው። የፓይዘን 3 «ራውንድ» ልክ መሃል ላይ ያረፈ ቁጥር ሲያገኝ ወደ ተጋማሹ ቁጥር ያጠጋጋል፦ 2.5 ወደ 2፣ 3.5 ወደ 4። የጃቫው «ማዝ ራውንድ» መሃል ላይ ያለውን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወስዳል፦ 2.5 ወደ 3፣ -2.5 ደግሞ ወደ -2። ወደ ሙሉ ቁጥር ለሚያጠጋጉ ቦታዎች የፓይዘኑን ባሕርይ የሚሰጥዎት የጃቫ ፋንክሽን «ማዝ ሪንት» ነው።

ወደ ሁለት አሃዝ ሲያጠጋጉ ነገሩ ይወሳሰባል። 0.125ን ይውሰዱ፤ ይህ ቁጥር በባይነሪ በትክክል የሚጻፍ ስለሆነ በእርግጥም መሃል ላይ ነው። ፓይዘን 0.12 ይላል። የጃቫው «ስትሪንግ ፎርማት» 0.13 ይላል። በዚያው በጃቫ ውስጥ ያለው «ዴሲማል ፎርማት» ግን ነባሪ ደንቡ ወደ ተጋማሽ ማጠጋጋት ስለሆነ 0.12 ይላል። አንዱ ሪፖርት በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከተዘጋጀ ጃቫው ከራሱ ጋር ሳይቀር አይስማማም።

2.675 ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ይህ ቁጥር በባይነሪ በትክክል አይጻፍም፤ ኮምፒውተሩ የሚይዘው ከ2.675 በጣም በጥቂቱ የሚያንስ ቁጥር ነው። ስለዚህ ፓይዘን ወደ ሁለት አሃዝ ሲያጠጋጋው 2.67 ያወጣል። በጃቫ «ቢግዴሲማል ቫልዩኦፍ» ከተጠቀሙ (ቢግዴሲማል በአሥርዮሽ በትክክል የሚያሰላ የቁጥር ዓይነት ነው) ቁጥሩ መጀመሪያ ወደ አጭሩ ጽሑፍ ወደ 2.675 ይቀየርና መሃል ላይ ያረፈ ሆኖ ይታያል፤ ውጤቱም 2.68 ይሆናል። የፓይዘኑን ውጤት በትክክል ለማግኘት ዳብሉን (በባይነሪ የተያዘውን የጃቫ የነጥብ ቁጥር) በቀጥታ ለቢግዴሲማል ኮንስትራክተር ሰጥቶ «ሃፍ ኢቨን» (ወደ ተጋማሽ) በሚለው ደንብ ስኬሉን 2 ማድረግ ነው። በሌላ ጊዜ ሁሉ «ዳብል ለቢግዴሲማል ኮንስትራክተር አትስጡ» ይባላል፣ ምክሩም ትክክል ነው። እዚህ ግን የሚፈልጉት ያንኑ በባይነሪ የተያዘውን ትክክለኛ ቁጥር ስለሆነ ምክሩ አይሠራም። ይህን አንድ አጭር ፋንክሽን አድርገው ጽፈው የፓይዘን ራውንድ የነበረበት ቦታ ሁሉ እሱን ይጥሩ።

የድሮው ፕሮግራም በፍሎት (የዳብል የፓይዘን አቻ) ሳይሆን በፓይዘን «ዴሲማል» የሚያሰላ ከሆነ ተዛማጁ ቢግዴሲማል ነው፤ ሦስት ነገር ግን ያስታውሱ። አንደኛ፣ የፓይዘን ዴሲማል ነባሪ ትክክለኛነት 28 አሃዝ ነው፣ ማጠጋጊያውም ወደ ተጋማሽ ነው። ቢግዴሲማል እንዲህ ያለ ነባሪ የለውም፤ 1ን ለ3 አካፍል ቢሉት መጨረሻ የሌለው ውጤት ስለሚሆን ኤክሴፕሽን ይወረውራል (ስህተት አሳውቆ ይቆማል)። ስለዚህ 28 እና ሃፍ ኢቨን የያዘ «ማዝ ኮንቴክስት» አዘጋጅተው ለማካፈል ብቻ ሳይሆን ለመደመርና ለማባዛትም ይስጡት። ዝግጁ ሆኖ የሚገኘው «ዴሲማል 128» 34 አሃዝ ነው፣ ለዚህ አይሆንዎትም። ሁለተኛ፣ በቢግዴሲማል «ኢኳልስ» ሲያወዳድሩ 2.0 እና 2.00 እኩል አይደሉም፤ በፓይዘን እኩል ናቸው። «ኮምፔር ቱ» ተጠቅመው ውጤቱ 0 መሆኑን ይዩ። ሦስተኛ፣ ይህ የኢኳልስ ጠባይ ወደ ሃሽማፕም (ዋጋን በቁልፍ ወደሚያስቀምጠው የጃቫ ዓይነት) ይገባል፦ ቢግዴሲማልን ቁልፍ አድርገው ከተጠቀሙ 2.0 እና 2.00 ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ይሆናሉ።

ማጠጋጋቱ ተስተካክሎ ልዩነቱ ካልጠፋ መደመሩን ይመልከቱ። ከፓይዘን 3.12 ጀምሮ «ሰም» የሚለው ፋንክሽን ፍሎቶችን ሲደምር የምትጠፋውን ጭራ እያካካሰ ነው። 0.1ን አሥር ጊዜ ቢደምሩ 3.12 ላይ 1.0 ያገኛሉ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ 0.9999999999999999 ነው። በጃቫ በተራ ሉፕ የሚደመር ድምር የድሮውን ይመስላል፤ የ«ዳብል ስትሪም» ሰም ደግሞ የራሱ ማካካሻ አለው። የፓይዘኑን ቨርዥን እስከ ሁለተኛው ቁጥር ድረስ ሳያውቁ የትኛውን መከተል እንዳለብዎ አይታወቅም።

የረድፎቹ ቅደም ተከተል

ከፓይዘን 3.7 ጀምሮ ዲክሽነሪ (የፓይዘኑ የሃሽማፕ አቻ) ያስገቡበትን ቅደም ተከተል እንደሚጠብቅ ቋንቋው ራሱ ዋስትና ይሰጣል፤ ብዙ የፓይዘን ኮድ ጸሐፊው ልብ ሳይለው በዚህ ላይ ተማምኖ የተጻፈ ነው። ሃሽማፕ እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ዲክሽነሪ የነበረውን ሁሉ «ሊንክድ ሃሽማፕ» ያድርጉት። ብዙ ሰው ውጤቱ የተስተካከለ መስሎ ስለሚታይ «ትሪማፕ» ይመርጣል፤ ትሪማፕ ግን በቁልፍ ቅደም ተከተል ይደረድራል እንጂ በገባበት ቅደም ተከተል አይደለም።

በጃቫ ስትሪም የሚሠሩ ከሆነ «ግሩፒንግ ባይ» እና «ቱ ማፕ» ካልነገሯቸው በቀር ሃሽማፕ ነው የሚመልሱት፤ ሊንክድ ሃሽማፕ እንዲፈጥሩ የሚቀበሉትን ተጨማሪ አርጉመንት ይስጧቸው። ቱ ማፕ ሌላም ዐመል አለው፦ ተደጋጋሚ ቁልፍ ሲያገኝ ኤክሴፕሽን ይወረውራል። በፓይዘን የዲክሽነሪ ኮምፕሪሄንሽን (በአንድ መስመር ዲክሽነሪ የሚሠራ አጻጻፍ) ውስጥ ግን ዝም ብሎ የመጨረሻው ያሸንፋል። «ማፕ ኦፍ» በሚል የተፈጠሩት ቋሚ ማፖች ደግሞ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ቅደም ተከተላቸው ሊቀያየር ይችላል፤ ትናንት ያለፈ ቴስት ዛሬ የሚወድቀው አንዳንዴ በዚህ ነው።

የፓይዘኑ ኮድ «ሴት» በሚባለው የስብስብ ዓይነት ላይ እየዞረ ውጤት የሚጽፍ ከሆነ ችግሩ ከድሮውም ነበረ ማለት ነው። ከፓይዘን 3.3 ጀምሮ የጽሑፍ ሃሽ በየአሂዱ ይለዋወጣል፤ የስብስቡ ቅደም ተከተልም አብሮ ይለዋወጣል። ለማወዳደሪያ የሚሆነውን ውጤት ሲያዘጋጁ የፓይዘን ሃሽ ሲድ የሚባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ 0 ያድርጉት፣ ወይም ሁለቱንም ውጤቶች ደርድረው ያወዳድሩ። ስለ ሶርት ግን አይጨነቁ፦ የሁለቱም ቋንቋዎች የሊስት ሶርት እኩል የሆኑትን አባላት ቅደም ተከተል አያናጋም።

የአማርኛ ስም ፍለጋ

በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ጽሑፍን በቅርጹ መፈለጊያ አጻጻፍ) ባክስላሽ ደብሊው «የቃል ፊደል» ማለት ነው። በፓይዘን 3 ለጽሑፍ ሲውል ማንኛውንም የዩኒኮድ ፊደል ይጨምራል፣ የግዕዝ ፊደላትን ጨምሮ። በጃቫ ነባሪው የላቲን ፊደላትን፣ ከ0 እስከ 9 ያሉትን አሃዞችና የታች ሰረዝን ብቻ ነው። «ዩኒኮድ ካራክተር ክላስ» የሚባለውን ፍላግ ሲጨምሩ የፓይዘኑን ይመስላል። የቃል ወሰን የሚያሳየው ባክስላሽ ቢም ከጃቫ 19 ጀምሮ በነባሪው የላቲኑን ብቻ የሚያይ ሆኗል፤ ስለዚህ በጃቫ 17 የሠራ ፍለጋ 21 ላይ ዝም ሊል ይችላል። ያው ፍላግ እሱንም ያስተካክላል።

ፍላጉ ከተጨመረ በኋላም ፍለጋው ካልሠራ የትኛውን ሜተድ እንደጠሩ ይዩ። የፓይዘን «ማች» ከመጀመሪያው ይጀምር እንጂ እስከ መጨረሻው እንዲገጥም አይጠይቅም፤ የጃቫ «ማችስ» ግን ሙሉው ጽሑፍ ካልገጠመ እምቢ ይላል። የፓይዘን ማች አቻ «ሉኪንግ አት» ነው፣ የ«ሰርች» አቻ «ፋይንድ»፣ የ«ፉል ማች» አቻ ማችስ። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብቻ ማችን ወደ ማችስ መቀየር በመስመር በመስመር ዝውውር በብዛት የሚታይ ግድፈት ነው።

ጽሑፍን መቁረጥም ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የጃቫ «ስፕሊት» የሚቀበለው ተራ ጽሑፍ ሳይሆን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ነው፤ በነጥብ ቁረጥ ቢሉት ነጥብ ማንኛውም ፊደል ማለት ስለሆነ ባዶ ውጤት ይመልሳል። ከዚህ የከፋው ከጀርባ ያሉ ባዶ ክፍሎችን መጣሉ ነው። «ሀ,ለ,,» የሚለውን በኮማ ሲቆርጡ ፓይዘን 4 ክፍል ይሰጣል፣ ጃቫ 2። የመጨረሻዎቹ ዓምዶቻቸው ባዶ የሆኑ ረድፎች ላይ ብቻ የሚከሰት ስለሆነ በናሙና ፋይል አይታይም። ሁለተኛ አርጉመንት አድርገው -1 ሲሰጡ 4ቱም ይመጣሉ። «ሪፕሌስ ኦል»ም እንዲሁ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይቀበላል፤ የፓይዘኑ ሪፕሌስ አቻ የጃቫው «ሪፕሌስ» ነው። ጠርዝ ላይ ያለ ባዶ ቦታ ለማንሣትም «ትሪም» ሳይሆን ከጃቫ 11 ጀምሮ ያለውን «ስትሪፕ» ይጠቀሙ፤ ትሪም የሚያውቀው ኮዱ እስከ 32 የሆነውን ብቻ ነው።

ፋይል ሲከፍቱ በሁለቱም በኩል ኢንኮዲንጉን በግልጽ ዩቲኤፍ-8 ብለው ይጻፉ። ከጃቫ 18 በፊት ነባሪው እንደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይለያይ ነበር፤ ፓይዘንም ፋይል ሲከፍት ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበረ። በአንዱ ማሽን ላይ በትክክል የተነበበ አማርኛ በሌላው የጥያቄ ምልክት ሆኖ የሚወጣው በዚህ ነው።

ገና ያልታዩዎት ሊሆኑ የሚችሉ

የሒሳብ ፕሮግራም ስለሆነ ከማካፈል ይጀምሩ። 7ን ለ2 በአንድ ስላሽ ሲያካፍሉ ውጤቱ በፓይዘን 3 ላይ 3.5 ነው፣ በጃቫ ሁለቱም ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ከሆኑ 3። የሁለት ስላሹ ደግሞ ከዜሮ በታች ሲወርድ ይለያል፦ -7ን ለ2 ፓይዘን -4፣ ጃቫ -3። ቀሪውም እንዲሁ፦ -7 ለ3 ሲካፈል የፓይዘን ቀሪ 2፣ የጃቫ -1። «ፍሎር ዲቭ» እና «ፍሎር ሞድ» የፓይዘኑን ይሰጣሉ። ቀሪን ለዙር ስሌት የሚጠቀም ኮድ፣ ለምሳሌ «ከዛሬ 10 ቀን በፊት የሳምንቱ ስንተኛ ቀን ነበር» የሚል፣ አሉታዊ ኢንዴክስ የሚያገኘው እዚህ ነው።

የፓይዘን ኢንቲጀር ወሰን የለውም። የጃቫ ኢንት 2,147,483,647 ላይ ያበቃና ያለምንም ማስጠንቀቂያ ወደ -2,147,483,648 ይገለበጣል። የ30 ቀን ሚሊሰከንድ 2,592,000,000 ነው፤ በኢንት ሲባዛ -1,702,967,296 ይሆናል። ውጤቱን ሎንግ (ሰፊው የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ውስጥ ማስቀመጥ አያድነውም፤ ማባዛቱ የሚከናወነው በኢንት ነው፣ ከተገለበጠ በኋላ ነው ወደ ሎንግ የሚሄደው። ከተባዦቹ የመጀመሪያውን ሎንግ ያድርጉት። እንደ እኔ አስተያየት በዝውውር ጊዜ ኢንቲጀር ሁሉ ሎንግ ሆኖ ይጀምር፣ የገንዘብና የብዛት ስሌቶች ደግሞ «አድ ኤግዛክት» እና «መልቲፕላይ ኤግዛክት» ይጠቀሙ፤ እነሱ ሲሞላ ዝም አይሉም፣ ኤክሴፕሽን ይወረውራሉ።

በእኩል እኩል ማወዳደር ሌላው ነው። በጃቫ ሁለት እኩል ምልክት በኦብጀክቶች መካከል የሚጠይቀው «አንድ ዕቃ ናቸው ወይ» ብሎ ነው። የተጠቀለለው ኢንቲጀር ከ-128 እስከ 127 ድረስ አስቀድሞ ተፈጥሮ የተቀመጠውን መልሶ ስለሚሰጥ 127 ከ127 ጋር እኩል ይሆናል፣ 128 ከ128 ጋር ግን አይሆንም። ትንንሽ ቁጥር ያለው ቴስት ያልፋል፣ እውነተኛው ዳታ ይወድቃል። ኢኳልስ ይጠቀሙ፣ ለጽሑፍም ለቁጥርም፤ ለቢግዴሲማል ግን ከላይ እንዳልነው ኮምፔር ቱን።

የቁጥሮች ሊስት ላይ «ሪሙቭ 3» ማለት በፓይዘን ዋጋው 3 የሆነውን አውጣ ነው፤ በጃቫ ኢንዴክሱ 3 የሆነውን ማለት ነው። ሁለቱም ይሠራሉ፣ የሚያወጡት ግን ለየቅል ነው።

ስላይስ ላይ የፓይዘን ቸርነት የለም። ፓይዘን ከሊስቱ ርዝመት ያለፈ ወሰን ሲሰጡት ያለውን ያህል ቆርጦ ይሰጣል፣ የሚሰጠውም ቅጂ ነው። የጃቫ «ሰብ ሊስት» ከወሰን ሲያልፍ ኤክሴፕሽን ይወረውራል፤ ካላለፈም የሚሰጠው መስኮት እንጂ ቅጂ አይደለም። መስኮቱን ሲለውጡ ዋናው ሊስት ይለወጣል። ቅጂ ከተፈለገ አዲስ «አሬይ ሊስት» ውስጥ ያስገቡት።

የጠፋ ቁልፍ በፓይዘን ዲክሽነሪ ሲጠየቅ እዚያው ኤረር ነው። በጃቫ ናል («ምንም የለም» የሚል ዋጋ) ይመለስና ፕሮግራሙ ይቀጥላል፤ ስህተቱ የሚፈነዳው ከብዙ መስመር በኋላ፣ ከምንጩ ርቆ ነው። በዜሮ ማካፈልም እንዲሁ ነው፦ ፓይዘን በፍሎትም ቢሆን ኤረር ይሰጣል፣ ጃቫ በዳብል ሲሆን «ኢንፊኒቲ» ወይም «ናን» (ቁጥር ያልሆነ) ይሰጥና ያልፋል። የድሮው ኮድ ይህን ኤረር ይዞ ውጤቱን 0 የሚያደርግ ክፍል ካለው፣ የተዛወረው የካች ክፍል መቼም አይደረስም። እንደዚህ ያሉትን ለማግኘት በፓይዘኑ ኮድ ውስጥ እያንዳንዱን የኤክሴፕት ክፍል ፈልገው «ጃቫ እዚህ ኤክሴፕሽን ይወረውራል?» ብለው መጠየቅ ነው። ሰዓት ይወስዳል፣ አይዝለሉት።

ባዶነትን መፈተሽም በጥንቃቄ ይታይ። በፓይዘን «ኢፍ ኤክስ» ብሎ መጻፍ ኖን (የናል የፓይዘን አቻ) አይደለም፣ ዜሮ አይደለም፣ ባዶ ጽሑፍ አይደለም፣ ባዶ ሊስት አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉም የትኛው እንደተፈለገ የሚታወቀው ወደዚያ የሚገቡትን እውነተኛ ዋጋዎች በማየት ነው። ናን ግን በፓይዘን እንደ እውነት ይቆጠራል፣ ስለዚህ ያ ፍተሻ ናንን አያስቀርም።

ጽሑፍን ወደ ቁጥር ሲቀይሩ ፓይዘን ከፊትና ከኋላ ያለ ባዶ ቦታን ይታገሣል፤ የጃቫ «ፓርስ ኢንት» አይታገሥም። «ፓርስ ዳብል» ግን ይታገሣል፣ እንዲያውም ከቁጥሩ ጀርባ የላቲን ዲ ወይም ኤፍ ፊደል ቢኖር እንኳ ይቀበላል፤ ፓይዘን ይህን አይቀበልም። ሲጻፍም ይለያሉ፦ አሥር ሚሊዮንን ፓይዘን 10000000.0 ብሎ ይጽፈዋል፣ ጃቫ 1.0 እና የ10 አርቢ 7 አድርጎ። ያ ፋይል ወደ ሌላ ሲስተም የሚሄድ ከሆነ ተቀባዩ ላያነበው ይችላል።

ቀን ላይ የፎርማት ፊደላቱ የተገላቢጦሽ ናቸው። በፓይዘን ትንሹ ኤም ወር ነው፣ ትልቁ ደቂቃ፤ በጃቫ ትልቁ ኤም ወር፣ ትንሹ ደቂቃ። ዓመትን በጃቫ በትልቁ ዋይ መጻፍ በሳምንት የሚቆጠረውን ዓመት ነው የሚሰጠው፤ ዓመቱን ሙሉ በትክክል ሠርቶ በዲሴምበር መጨረሻና በጃንዋሪ መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ቀናት ዓመቱን ያዛባል። የፓይዘን «ዊክዴይ» ሰኞን 0 ይላል፣ የጃቫ «ዴይ ኦፍ ዊክ» ሰኞን 1።

ናምፓይ (የፓይዘን የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) ካለበት ደግሞ የላይብረሪ ነባሪዎችን ያመሳክሩ። የናምፓይ ስታንዳርድ ዲቪየሽን ነባሪው ለኤን ያካፍላል፣ የፓንዳስ ለኤን ሲቀነስ 1። የጃቫው ላይብረሪ የትኛውን እንደሚከተል ሰነዱን ሳያዩ አይቀይሩ። የዘፈቀደ ቁጥር ካለ ደግሞ አንድ ሲድ መስጠት አንድ ውጤት አይሰጥም፤ አልጎሪዝሞቹ የተለያዩ ናቸው። ለማወዳደሪያ ቁጥሮቹን ከፓይዘን አውጥተው በፋይል ለጃቫው ይስጡት።

አሠራሩ

ያዛወሩትን አይጣሉት። 3,000 መስመር ብዙ አይደለም፤ የጎደለው ማወዳደሪያ ነው።

የፓይዘኑን ኮድ ባለበት ያቁሙት፣ በጊት ታግ ያድርጉበት፤ የፓይዘኑንና የላይብረሪዎቹን ቨርዥን በትክክል ይመዝግቡ። ከዚያ ግብዓት ይሰብስቡ፦ እውነተኛ ዳታ፣ ከሱም ጋር በእጅ የተዘጋጁ ጠርዞች፤ ባዶ ፋይል፣ አንድ ረድፍ፣ ዜሮ፣ አሉታዊ ቁጥር፣ ልክ መሃል ላይ የሚያርፍ 0.125 ዓይነት፣ ተደጋጋሚ ስም፣ የጎደለ ዓምድ፣ የአማርኛ ጽሑፍ፣ ከ2,147,483,647 የሚበልጥ ቁጥር። የድሮውን ፕሮግራም በእነዚህ ላይ አሂደው ውጤቱን ያስቀምጡ።

የመጨረሻውን ሪፖርት ብቻ አያስቀምጡ። በዋና ዋናዎቹ ፋንክሽኖች ላይ ዲኮሬተር (ፋንክሽኑን የሚጠቀልል ተጨማሪ ኮድ) ጨምረው የገባውንና የወጣውን በጄሰን፣ በአንድ መስመር አንድ ጥሪ፣ ወደ ፋይል ይጻፉ። የፓይዘን ጄሰን ፍሎትን ተመልሶ ሲነበብ ያንኑ ዳብል በሚሰጥ አጭሩ ጽሑፍ ስለሚጽፈው ጃቫው በኩል ቢት ሳይጎድል ይነበባል። አሁን የ0.01 ልዩነት ሲያዩ ሪፖርቱን አፍጥጠው አያዩም፤ ልዩነቱ መጀመሪያ የታየበትን ፋንክሽን በቀጥታ ያገኙታል።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፣ ለኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚቆጥበው እሱ ነው፦ ዓይነቶቹን መጀመሪያ በፓይዘን ውስጥ ይጻፉ። እያንዳንዱ ፋንክሽን ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ በታይፕ አኖቴሽን አስቀምጠው ማይፓይ የሚባለውን የዓይነት መፈተሻ በጥብቅ ሞዱ ያሂዱት። አንዴ ጽሑፍ አንዴ ኖን የሚመልሰው ፋንክሽን፣ ኢንትም ፍሎትም የሚይዘው ቫሪያብል እዚያው ይጋለጣል፤ የድሮው ኮድ እየሠራ፣ ውጤቱም እየተመሳከረ ሳለ። የተጠላለፉ ኮምፕሪሄንሽኖችን፣ በስም ተፈልገው የሚጠሩ አትሪቢዩቶችን፣ ብዛቱ ያልታወቀ አርጉመንትንም በዚያው በፓይዘን በኩል ቀለል ያድርጉ። የጃቫው ሥራ ከዚያ በኋላ አሰልቺ ይሆናል፣ እንዲሆንም ነው የሚፈለገው።

ሲያዛውሩ ማንንም ከማይጠሩት ፋንክሽኖች ይጀምሩና ወደ ላይ ይውጡ። ስሞችን አይቀይሩ፣ አንዱን ፋንክሽን ለሁለት አይክፈሉ፤ ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ መቻል አለበት። በመሃል የድሮ ባግ ካገኙም አያርሙት። መዝግበው እንዳለ ያዛውሩት፤ ካረሙት ልዩነቱ ከእርማቱ ይሁን ከዝውውሩ መለየት አይቻልም።

ሲያወዳድሩ ሙሉ ቁጥርና ጽሑፍ ያለ ምንም ልዩነት መግጠም አለባቸው። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ስኩዌር ሩት በሁለቱም በአይትሪፕልኢ 754 ደንብ ስለሚሠሩ የስሌቱ ቅደም ተከተል አንድ ከሆነ ዳብሉም በቢት ይገጥማል። ሳይን፣ ሎግ፣ ኤክስፖኔንሻልና አርቢ ላይ የመጨረሻው ቢት ሊለያይ ይችላል፤ እዚያ ብቻ የአንጻራዊ ልዩነት ጣሪያ ይፍቀዱ፣ ለምሳሌ ከ1 ቢሊዮን 1። ጣሪያውን ለሁሉም ከሰጡ ግን የማጠጋጋት ባግ ከሥሩ ይደበቃል።

ስለ አውቶማቲክ መቀየሪያ

ተቀራራቢ ቋንቋዎች ላይ በደንብ ይሠራሉ። ከጃቫ ወደ ኮትሊን የሚቀይረው የኢንቴሊጄይ መሣሪያ ለምሳሌ ጠቃሚ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ይሠራሉ፣ ቁጥሮቻቸውና ጽሑፎቻቸው አንድ ናቸው። ሲቱረስት ከሲ ወደ ረስት ይቀይራል፣ የሚያወጣው ግን ደህንነቱ በኮምፓይለር ያልተረጋገጠ ኮድ ስለሆነ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ዓይነት ካልተጻፈበት ቋንቋ ወደ ተጻፈበት መሻገር ደግሞ መረጃው ኮዱ ላይ ስለሌለ ለመቀየሪያ ከባድ ነው። የፓይዘን ኮድን በጃቫ ማሽን ላይ ሳይቀይሩ ማሄድም ይቻላል፣ ለዚህ የተሠራው ጃይቶን ግን የሚያውቀው ፓይዘን 2.7ን ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች አንድ ፋንክሽን ከነዓይነቱ ሲሰጣቸው ጥሩ ጃቫ ይጽፋሉ። ድክመታቸው ሳይጠየቁ ማሻሻላቸው ነው፦ የተረሳ የመሰላቸውን ፍተሻ ይጨምራሉ፣ ማጠጋጊያውን ወደ ተለመደው ይቀይራሉ፣ ሃሽማፕ ይመርጣሉ። ሙሉ ፋይል አይስጧቸው። ቴስቱ ውስጥ የሚገባውን የሚጠበቅ ውጤትም እነሱ እንዲጽፉት አያድርጉ፤ የሚጠበቀው ውጤት የድሮው ፕሮግራም ሲሄድ ያወጣው ብቻ ነው።

ሲቀያየሩ

ሁሉም ሲገጥም ሁለቱን ፕሮግራሞች በአንድ ግብዓት ጎን ለጎን ያሂዷቸው፣ ቢያንስ የወር መዝጊያ እስኪያልፍ፤ ከተቻለ የዓመት መዝጊያም። እስከዚያ ድረስ የሚታመነው የድሮው ውጤት ነው። የሚታየውን እያንዳንዱን ልዩነት ከሦስት በአንዱ ይመድቡት፦ የአዲሱ ስህተት፣ የድሮው ስህተት፣ ወይም በባለቤቱ የተፈቀደ ለውጥ። አራተኛ ምድብ አይክፈቱ፤ «ምክንያቱ ያልታወቀ፣ ትንሽ» ተብሎ የተተወ 0.01 በየወሩ ይመጣል። የመዘገቧቸውን የድሮ ባጎች ከቀየሩ በኋላ ይክፈቱ፣ አንድ ባግ በአንድ ኮሚት፤ የሚጠበቀውን ውጤት የያዘው ፋይልም በዚያው ኮሚት ይሻሻል፤ የትኛው ቁጥር በየትኛው እርማት እንደተለወጠ ታሪኩ ላይ ይታያል።